የጀልባ ሆድ ቀለሞች ሲመዘኑ፦ የትኛው እንዴት ያልቃል?

ከውሃ መስመር በታች የሚቀባ ቀለም እንደ ቤት ቀለም በመልኩ አይመዘንም። ጀልባዋ ወቅቱን ውሃ ላይ ከርማ ስትወጣ ቀለሙ ልክ እንደተቀባበት ቀን ሆኖ ከተገኘ ደስ ሊል አይገባም፤ ብዙውን ጊዜ ሥራውን አልሠራም ማለት ነው። አንቲፋውሊንግ፣ ማለትም ሆዱ ላይ ነገር እንዳይበቅል የሚቀባው ይህ ቀለም፣ መርዙን በጥቂት በጥቂቱ ለውሃው እየለቀቀ፣ ራሱንም እየጨረሰ ነው ጀልባዋን የሚጠብቃት። እዚህ የምናያቸውን ቀለሞችም የምንመዝናቸው ጣሳው ላይ በተጻፈው ተስፋ አይደለም። አንዱ እንዴት እንደሚያልቅና ካለቀ በኋላ ለሚቀጥለው ዓመት ሥራ ምን ትቶ እንደሚሄድ እናያለን። ከዚህ ሕግ ውጭ የሆኑ ሁለት አሉ፤ ወደ እነሱ እንደርሳለን።

ሆዱ ላይ የሚበቅለው ነገር ተራ አለው። ጀልባዋ ውሃ በነካች በሰዓታት ውስጥ ባክቴሪያ በስሱ ይለብሳታል። በቀናት ውስጥ ዲያቶም የሚባሉት ደቂቅ አልጌዎች ይጨመሩና በጣት ሲነካ የሚያሙለጨልጭ ቡናማ ንጣፍ ይሆናል። ከዚያ ፀጉር የመሰለው አረንጓዴ አልጌ ይመጣል፤ በጨዋማ ውሃ ደግሞ ባርናክል፣ ተጣብቆ የሚያድገው ቅርፊታም ትንሽ የባሕር እንስሳ፣ ይከተላል። የአብዛኞቹ ቀለሞች መርዝ የሆነው መዳብ ባርናክልን በደንብ ይመልሳል፤ በሙልጭልጩ ንጣፍ ላይ ግን ያን ያህል አይበረታም። አንዳንድ ጣሳ ላይ ከመዳቡ ሌላ ዚንክ ፓይሪቲዮን የሚል አጋዥ መርዝ የሚታየው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሆዷ አተላ ለብሶ ባርናክል ከሌለባት «ቀለሙ ከሸፈ» ብሎ መጮህ አይገባም። መዳቡ ሠርቷል፤ የጎደለው አጋዡ ነው።

አንጋፋ ባለጀልባዎች «እንደ ድሮው ቀለም የለም» ሲሉ ትዝታ ብቻ አይደለም። ትራይቡቲልቲን፣ በአጭሩ ቲቢቲ፣ የሚባለው መርዝ የገባበት ቀለም በእርግጥ ከዛሬዎቹ ይበልጥ ነበር። ግን ከጀልባዋ ሆድ አልፎ ኦይስተር የሚባለውን የባሕር እንስሳ ቅርፊት እያጣመመ ስላስቸገረ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1982 ከ25 ሜትር በታች ለሆኑ ጀልባዎች ከለከለችው። የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ስምምነትም በ2001 ጸድቆ በ2008 ሥራ ላይ ዋለ። ሳይቡትሪን የሚባለው አጋዥ መርዝም ከ2023 ጀምሮ በዚያው ስምምነት ክልከላ ውስጥ ገብቷል። መጋዘን ጥግ የተረሳ አሮጌ ጣሳ ከተገኘ፣ ምን ይዟል የሚለው ሳይነበብ አይከፈት።

ማይክሮን፦ እንደ ሳሙና የሚያልቀው

ኢንተርናሽናል፣ በሌላ ገበያ ስሙ ኢንተርሉክስ፣ የተባለው አምራች የማይክሮን ቤተሰብ ነው። (ስሙን ከውፍረት መለኪያው ማይክሮን ጋር አታምታቱት፤ በዚህ ጽሑፍ ሁለቱም ይመጣሉ።) ውሃ እየሄደበት እንደ ሳሙና ከላይ ከላይ ይሟሟል፤ ከሥሩ ሁልጊዜ መርዝ ያለው አዲስ ፊት ይወጣል። ጥቅሙ አሮጌ ቀለም አለመከመሩ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የሚጠብቃችሁ ስስ ቅሪት ነው፤ በአንድ ቀን ፍቃችሁ ትጨርሱታላችሁ።

ማይክሮን ሲኤስሲ ጀልባዋ ከውሃ ወጥታ ከርማ ሳይቀባ ተመልሳ እንድትገባ ይፈቅዳል። ለዚህ ብቻ እንኳ ብዙ ሰው ሊመርጠው ይገባል። ማይክሮን 66 ከዚያ የተሻለ አወራረድ አለው፤ እኩል ያልቃል፣ ለስላሳም ይሆናል። ግን የሚሠራው ከጨዋማ ውሃ ጋር በሚያደርገው የኬሚካል ልውውጥ ስለሆነ ለጨው አልባ ውሃ አይሆንም። ጣሳው ይህን ይናገራል፤ ሰው ግን የሚያነበው ዋጋውን ብቻ ነው። ሐይቅ ወይም የወንዝ አፍ ላይ የምትታሰር ጀልባ ይህን ቀለም ከተቀባች ገንዘቡ ውሃ በላው ማለት ነው።

የሚሟሟ ቀለም ትልቁ ጠላቱ የጽዳት ጉጉት ነው። ጠላቂ አስገብቶ በሸካራ ብሩሽ ማስፈግፈግ የስድስት ወር ቀለም በአንድ ቀን ያስጨርሳል። የግድ ከሆነ ለስላሳ ስፖንጅ፣ ያውም ሳይጫኑ። ይህን ወገን በተመለከተ የሚነገር አንድ ብልሃት አለ፤ መጀመሪያ ላሰበው ሰው ምስጋና ይግባው። የመጀመሪያውን እጅ (አንድ ዙር ቅብ) በሌላ ቀለም፣ ለምሳሌ በቀይ፣ ቀቡ፤ ቀጣዮቹን ሁለት እጆች በጥቁር ወይም በሰማያዊ። በወቅቱ መጨረሻ ቀይ ብልጭ ሲል ማለቁን ዓይን ይነግራችኋል። መጀመሪያ የሚታየው ሁልጊዜ በኪሉ (ከሆዱ ሥር ወደ ታች በሚወርደው ክንፍ) ፊት ጠርዝ፣ በመሪው ፊትና በፕሮፔለሩ ዙሪያ ነው። ውሃው በጣም የሚፈጥንበት እዚያ ነውና ሁለት እጅ በምትቀቡበት ቦታ እነዚህ ሦስት እጅ ይፈልጋሉ።

ትሪኒዳድ፦ የሚከመረው

የፔቲት ኩባንያ ትሪኒዳድ በጠንካራ ኢፖክሲ፣ ሲደርቅ በሚጠጥር ሙጫ መሰል ነገር፣ የተያዘ ብዙ መዳብ ነው። መዳቡ ተለቅቆ ሲያልቅ ኢፖክሲው ባዶ ሆኖ እንደ ደረቀ ስፖንጅ ይቀራል። ለፈጣን ሞተር ጀልባና በተደጋጋሚ ለሚፈገፈግ ሆድ ይህ ጥንካሬ በጎ ነው፤ ብሩሽ አይነጭበትም። ጉዳቱ የሚታየው በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት ነው፤ እጅ በእጅ ላይ ይደራረብና ይወፍራል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል፣ ብሎም እንደ ጥፍር ይነሳል። ያኔ ቀለም መቀባት ቀርቶ መላጥ ይሆናል ሥራው።

ሌላው ድካሙ አየር ነው። ጠንካራ ቀለም ከውሃ ወጥቶ ሲደርቅ ላይ ያለው መዳብ ኦክሳይድ ይለብስና ይታፈናል። ለክረምት የምትወጣ ጀልባ ይህን ከተቀባች በየዓመቱ ቢያንስ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት መክፈት፣ አብዛኛውን ጊዜም እንደገና መቀባት አለ። ዓመቱን ሙሉ ውሃ ላይ ለምትኖር ግን አያሳፍርም።

ቪሲ17ኤም፦ ስሱ

ጨው አልባ ውሃ ላይ ለሚወዳደሩ የሸራ ጀልባዎች። ጣሳው ውስጥ ፈሳሹ አለ፣ የመዳቡ ዱቄት ለብቻው በከረጢት ይመጣል፤ ሊቀባ ሲል ይደባለቃል። በአሥር ደቂቃ ገደማ ይደርቃል፤ ስለዚህ ሁለተኛውን ዙር ስትጀምሩ የመጀመሪያው ደርቆ ይጠብቃችኋል። ሽፋኑ በጣም ስስ ስለሆነ ክምር አይፈጥርም፤ ወቅት ሲያልቅ በቲነር በተነከረ ጨርቅ ሊጠረግ ይችላል።

ጉድለቱ ከማንም ጋር አለመስማማቱ ነው። በቪሲ17ኤም ላይ ከራሱ በቀር ሌላ ቀለም አይያዝም፤ ሟሟቱ ይፈታውና ሁለቱም አብረው ይነሳሉ። የቀድሞ ባለቤት ምን እንደቀባ ሳይታወቅ የተገዛ ጀልባ ሆዱ ነሐስማ ከሆነና ጨርቅ በቲነር ሲታሽበት ወዲያው ቡናማ የሚለቅ ከሆነ፣ ይህ ቀለም ሊሆን ይችላልና ጥርጣሬያችሁን እስክታጠሩ ድረስ ሌላ አትጫኑበት።

ኮፐርኮት፦ አንድ ቀን የሚወስነው

ከሕጉ ውጭ ናቸው ካልናቸው አንዱ ይኼ ነው። በውሃ የሚቀጥን ኢፖክሲ ሲሆን በእያንዳንዱ ሊትር ሬዚን (የኢፖክሲው ዋና ፈሳሽ) ውስጥ 2 ኪሎ ንጹሕ የመዳብ ዱቄት ይገባበታል። አይሟሟም፤ አምራቹ ከአሥር ዓመት በላይ ይቆያል ይላል፤ በደንብ ከተቀባ ይህ የማይታመን አይደለም። ችግሩ «በደንብ ከተቀባ» የሚለው ውስጥ ነው።

አቀባቡ እንዲህ ነው። ሬዚኑና ማጠንከሪያው እኩል ይደባለቃሉ፣ ከዚያ ዱቄቱ ይጨመራል። ስስ ስስ ሆኖ አራት ወይም አምስት እጅ ይቀባል፤ እያንዳንዱ እጅ በፊተኛው ላይ የሚያርፈው ፊተኛው ገና ሲጣበቅ ነው። ስለዚህ ዙሩን ስትጨርሱ የጀመራችሁበት ቦታ ዝግጁ ይሆናል፤ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ሳይቀመጥ በአንድ ቀን መጨረስ አለበት። ከሰው አንዱ ሥራው ማማሰል ብቻ ነው። ዱቄቱ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ባልዲው ወለል ይሰፍራል፤ ማማሰሉ ከቆመ ሩሎው የሚያነሳው መዳብ የሌለው ኢፖክሲ ነው። በኋላ ሲታይ እዚህ ቦታ ንጹሕ፣ እዚያ ቦታ ጢም ያበቀለ ሆድ የሚፈጠረው ከዚህ ነው፤ ከዚያ በኋላ መድኃኒት የለውም። በትንሽ በትንሹ መበጥበጥም ግዴታ ነው፤ ሙሉውን አንድ ጊዜ የበጠበጠ ሰው ባልዲው ውስጥ ጠጥሮ ያየዋል።

ዝናብ ሁለተኛው ፈራጅ ነው። ገና ያልጠነከረ ኮፐርኮት ላይ ጠብታ ካረፈ ነጭ ነጠብጣብ ትቶ ያልፋል፤ ከባድ ከሆነ ያጥበዋል። ጣራ የሌለው ሥፍራ ላይ ይህን መሞከር ቁማር ነው። ከደረቀ በኋላ ደግሞ ፊቱ ላይ ያለው የኢፖክሲ ሽፋን መዳቡን ይሸፍነዋልና ውሃ ከመግባቷ በፊት በ320 ወይም በ400 ብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ይታሻል፤ ፊቱ ሮዝማ የመዳብ ቀለም ሲያወጣ ተነቃቅቷል ማለት ነው። ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው በመጀመሪያው ወቅት «አይሠራም» ብሎ ያማርራል። በዓመታት ውስጥ ኃይሉ ሲቀንስም መፍትሔው ያው ነው።

ፍርዳችን፦ ጥሩ ጣራ፣ ጥሩ አየርና ሦስት ታጋሽ ሰው ላለው ምርጥ ግዢ። አንዱ ከጎደለ ገንዘቡን ለማይክሮን አድርጉት።

ሲሊክ ዋን፦ መርዝ የሌለው

የሄምፐል ሲሊክ ዋን ሁለተኛው ከሕግ ውጭ ነው። መርዝ አይለቅም፤ ሲሊኮን ስለሆነ የሚበቅለው ነገር እግር አይተክልበትም። ይበቅላል፣ ግን ጀልባዋ ስትሄድ ይራገፋል፤ የቀረውም በለስላሳ ስፖንጅ ይጠፋል። ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው፦ ወር ሙሉ ታስራ ለምትቆም ጀልባ አይደለም።

የሚቀባው ሦስት ነገር ሆኖ ነው፤ ኢፖክሲ ፕራይመር፣ ማያያዣው ታይኮት፣ ከዚያ ሁለት እጅ ሲሊኮን። ታይኮቱ ከላይ እስኪለበስ ያለው ጊዜ የተወሰነ ነው፤ ካለፈ ሲሊኮኑ እንደ ላስቲክ ጓንት ተነስቶ ይወጣል። ደግሞ ሲሊኮን ያረፈበት ላይ ሌላ ቀለም አይያዝም። ያ ማለት ለዚያች ጀልባ ብቻ አይደለም፤ በአንድ ሩሎ፣ በአንድ ጨርቅ፣ በአንድ ጓንት ወደ ጎረቤት ጀልባ የሚሻገር ጠብታ እዚያ ዓሣ ዓይን የመሰለ ቀዳዳ ያበዛል። ለሲሊኮን የዋለ ዕቃ ሁሉ ተለይቶ ይጣላል። ማሰሪያ ገመድና የመሬት ግጭት የሚያደርሰው ጭረትም ቶሎ ይገባበታል።

ትሪሉክስ 33 እና የአሉሚኒየም ነገር

አሉሚኒየም ሆድ ላይ ኩፕረስ ኦክሳይድ (የተለመደው የመዳብ መርዝ) ያለው ቀለም አይገባም። መዳቡና አሉሚኒየሙ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ ባትሪ ይሆናሉ፤ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1761 ኤችኤምኤስ አላርም የተባለች መርከቡን ሆድ በመዳብ ሉህ አለበሰ፤ ትሎች ከእንጨቱ ራቁ፤ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ሲፈተሽ ሉሁን የነኩት የብረት ሚስማሮች ተበልተው ነበር። ሉሁ ሲመጣ የተጠቀለለበት ወረቀት በመካከል ሳይነሳ የቀረባቸው ሚስማሮች ግን ደህና ነበሩ። ዛሬ የኢፖክሲ ፕራይመር ሥራ ያ ወረቀት የሠራው ነው።

ትሪሉክስ 33 መዳቡን በኩፕረስ ቲዮሳያኔት መልክ ስለያዘ ለአሉሚኒየምና ለውጭ ሞተር እግር ይሆናል። ቢሆንም ባዶ ብረት ላይ በቀጥታ አይቀባም፤ መጀመሪያ ፍቆ፣ ወዲያው በሰዓታት ውስጥ ኢፖክሲ። አሉሚኒየም ከተፋቀ በኋላ ኦክሳይድ ለመልበስ አይዘገይም፤ ማታ ፍቆ ጠዋት መቀባት ለፕራይመሩ መለቀቅ ምክንያት ነው። የመሥዋዕት ዚንኮችን፣ በሌላው ብረት ፈንታ እንዲበሉ የሚታሰሩትን፣ ማንም አይቀባ፤ የተቀባ ዚንክ ሟች ዚንክ ነው። ዓይነቱም እንደ ውሃው ይለያል፦ ለጨዋማ ዚንክ ወይም አሉሚኒየም፣ ለጨው አልባ ማግኒዚየም።

ከሥር ያለው፦ ኢንተርፕሮቴክት 2000ኢ

ከሁሉ በላይ የምንመክረው ግዢ ግን አንቲፋውሊንጉ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ነው። ፋይበር ግላስ ውሃ ይጠጣል፤ ውሃ የቋጠረው ቦታ ሲወጋ የሚወጣው ፈሳሽ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፤ ያ ኦስሞሲስ ነው። ኢንተርፕሮቴክት 2000ኢ ሁለት ክፍል ያለው ኢፖክሲ መከላከያ ነው፦ በመጠን ሦስት ስፍር መሠረት፣ አንድ ስፍር ማጠንከሪያ። ከደባለቃችሁ በኋላ 20 ደቂቃ ይረፍ፤ ያንን ጊዜ አትስረቁት። የሚፈለገው የደረቀ ውፍረት 250 ማይክሮን ስለሆነ በሩሎ አራት ወይም አምስት እጅ ይወስዳል። ግራጫና ነጭ እየተፈራረቀ ከተቀባ የዘለላችሁት ቦታ ወዲያው ይታያል።

ከቀለሙ በፊት ያለው ቅደም ተከተል ግን የዚህ ሥራ ነፍስ ነው። አዲስ ጄልኮት (የፋይበር ግላሱ የላይኛው ለስላሳ ሽፋን) ላይ ሰም አለ። መጀመሪያ ሰሙ በማስወገጃ ሟሟት ይነሳል፣ ከዚያ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይታሻል። ሲገለበጥ፣ ፍቆ ቆይቶ ሰም መጥረግ፣ ሰሙን ጭረቱ ውስጥ ይጨምቀዋል፤ ቀለሙ በወር ውስጥ በሉህ ሉህ ይለቃል። ሲጠረግም ሁለት ጨርቅ፦ አንዱ ሟሟቱን ይዞ ይሄዳል፣ ሌላው ደረቁ ተከትሎ ያነሳል፤ አንድ ጨርቅ ብቻ ይዞ መዞር ሰሙን ከቦታ ወደ ቦታ ማዛወር ነው።

ንጽህናውን ለመፈተሽ ባልዲ ውሃ በቂ ነው። የታሸው ሆድ ላይ ውሃ ሲረጭ እንደ ስስ ሉህ ተዘርግቶ ከቆየ ደህና ነው። እዚህና እዚያ እየተሰበሰበ ዶቃ ከሠራ፣ ዶቃው ያለበት ቦታ ሰም አለ፤ እንደገና ይጠረግ። ይህ ፈተና አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ወቅት ሙሉ ያድናል።

መከላከያው ላይ የመጀመሪያው አንቲፋውሊንግ የሚያርፈው መከላከያው ገና ሲጣበቅ ነው። አውራ ጣት ተጭኖ አሻራ ከተወ፣ ነገር ግን ቀለም ጣት ላይ ካልወጣ፣ ጊዜው አሁን ነው። ካመለጠ እስኪጠነክር መጠበቅ፣ በ80 ቁጥር ማሸት፣ ከዚያ መቀባት፤ ሌላ አቋራጭ የለም። አየሩም ይጠበቃል፦ የሆዱ ሙቀት ከጤዛ ነጥቡ (ጤዛ መሥራት ከሚጀምርበት ሙቀት) ቢያንስ 3 ዲግሪ በላይ ይሁን። ጠዋት ውጪውን እንደ እጅ ላብ የሚያረጥብ ጤዛ ሳይታይ ቀለም ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል፤ ከሰዓት ያ ቦታ ውሃ ቋጥሮ ይወጣል።

ስንት ጣሳ?

መጀመሪያ ስፋት። መካከለኛ ክብደት ላላት የሸራ ጀልባ፦ የውሃ መስመር ርዝመት ሲባዛ በስፋቷና በጥልቀቷ ድምር፣ ሲባዛ በ0.75። ሙሉ ሆድ ላላቸውና ለሞተር ጀልባ 0.75ው ይቅር፤ ቀጭን ኪል ላላት ቀላል ጀልባ 0.5 ይሁን። ምሳሌ፦ የውሃ መስመሯ 8.5 ሜትር፣ ስፋቷ 3.2፣ ጥልቀቷ 1.7 ከሆነ 8.5 ሲባዛ በ4.9 ሲባዛ በ0.75፣ ወደ 31 ካሬ ሜትር። አንድ ሊትር በአንድ እጅ 10 ካሬ ሜትር ገደማ ከሸፈነ ሁለት እጅ 6.2 ሊትር ነው፤ ጠርዞቹ ሦስተኛ እጅ ስለሚፈልጉ 7 ሊትር ግዙ። ሥራው ሲያልቅ ጣሳ ውስጥ ብዙ ቀለም ከተረፈ «ቆጥበናል» አትበሉ፤ ሆዱ ላይ ያለው የሚፈለገውን ያህል አልወፈረም። አንቲፋውሊንግ እንደ ግድግዳ ቀለም እየተሳበ አይሳሳም። ከሚመከረው በላይ ቲነር መጨመርም ያው ነው፤ መንሸራተቱ ይጥማል፣ ውፍረቱ ይቀንሳል።

የጣሳው ወለል ግን ብዙ ሰው የሚስተው ነው። ኩፕረስ ኦክሳይድ ከባድ ስለሆነ ወር የቆመ ጣሳ ውስጥ እንደ ሸክላ ጭቃ ይቀመጣል። በእንጨት ማማሰል አይነካውም፤ ከወለሉ በጠፍጣፋ እስፓቱላ ተፍቆ ተነስቶ፣ ቀለም ሱቅ ውስጥ በማሽን ተንቀጥቅጦ፣ ከዚያ በድሪል ማማሰያ። በየአሥር ደቂቃውም እንደገና። ሳይማሰል ከላይ የተቀዳው ቀጭን ቀለም በግራ በኩል ይቀባል፤ ሰው ወደ ቀኝ ሲዞር ጣሳው ወፍሮ ይጠብቀዋል። በወቅቱ መጨረሻ ግራዋ አረንጓዴ፣ ቀኟ ንጹሕ የሆነች ጀልባ ስትወጣ ጥፋቱ የአምራቹ አይደለም። የተለያየ ጣሳ ካለ ሁሉም በአንድ ትልቅ ባልዲ ተገልብጦ ይዋሃድ።

ሲበላሽ ምልክቱን ማንበብ

በሉህ ሉህ ከሥሩ ተላጦ ከወጣ ሰም ወይም ጤዛ ነው። ተሰነጣጥቆ በቁርጥራጭ ከረገፈ የተከማቸ አሮጌ ጠንካራ ቀለም ነው፤ እዚያ ላይ አዲስ መጫን የውድቀቱን ቀን ማራዘም ብቻ ነው። በለስላሳ የሚሟሟ ቀለም ላይ ጠንካራ መቀባትም አይሆንም፤ ሥሩ እየለቀቀ የላይኛው ሳህን ሆኖ ይወድቃል። ተገላቢጦሹ፣ በጠንካራ ላይ የሚሟሟ፣ ከታሸ ይሆናል። ከብረት መገጣጠሚያዎች ዙሪያ ብቻ ቀለበት ሠርቶ ከተላጠ፣ ቀለሙን ትታችሁ ኤሌክትሪኩን ፈትሹ፦ ከመጠን ያለፈ ዚንክ ወይም የሚያመልጥ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። የውሃ መስመሩ ላይ ብቻ ጢም ካበቀለ ቀለሙ ዝቅ ብሎ ነው የቆመው፤ ብርሃንና አየር እዚያ ይበዛሉና ከመስመሩ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ማስኪንግ ቴፑም ቀለሙ ጨርሶ ሳይደርቅ ይነሳ፤ ደርቆ ሲላጥ ጠርዙን እንደ መጋዝ ጥርስ ያደርገዋል።

ድምፅ ልኮ በሚለካው ጥልቀት መለኪያ ላይ በሟሟት የተሠራ ቀለም አይነካ፤ ፕላስቲኩን ይበላል፣ ወፍራም ሽፋንም ድምፁን ያፍናል። በውሃ የተሠራው ለእሱ የተዘጋጀ ቀለም፣ አንድ ስስ እጅ። ፕሮፔለሩ ላይ ተራ አንቲፋውሊንግ አይቆይም፤ ሽክርክሩ ይነጨዋል። ፕሮፕስፒድ፣ ጥርስ የሚያወጣ ፕራይመርና በላዩ ሲሊኮን ሆኖ የሚቀርበው፣ ብረቱ በደንብ ከተፋቀና ጣት ካልነካው የተሻለ ነው። የጣት ቅባት ብቻ ያበላሸዋል።

አሮጌ ቀለም ሲነሳ በደረቁ ማሸት ለሳንባ አይሆንም፤ አቧራው መዳብና አጋዥ መርዝ ነው። ውሃ እየረጩ ማሸት ወይም ቫክዩም የተገጠመበት ማሽን፣ የፒ3 ማጣሪያ ጭንብል፣ መነጽርና ጓንት፤ ታጥቦ የሚወርደው ውሃ ደግሞ በታርፑላ ተሰብስቦ ይወሰድ እንጂ ወደ ውሃው አይመለስ። ያረጀ ክምር ሲሆን ለጄልኮት የተፈቀደ ኬሚካል ማላቀቂያ ጥጉ ክብ ከሆነ መፋቂያ ጋር ይሻላል፤ ስል ጥግ ጄልኮቱን ይቆርጣል። በአሸዋ ማስነፋት ፋይበር ግላስን ይጎዳል። በሶዳ ማስነፋት ለስላሳ ነው፣ ግን ዱቄቱ ፊቱ ላይ ስለሚቀር በብዙ ውሃ ሳይታጠብ ኢፖክሲ አይይዝበትም።

በአጭሩ ለየጀልባው፦ ወጥታ ለምትገባ የሸራ ጀልባ ማይክሮን ሲኤስሲ፤ ዓመቱን በጨዋማ ውሃ ለምትኖር ማይክሮን 66፤ በፍጥነት የምትሮጥና የምትፈገፈግ ትሪኒዳድ፤ ሐይቅ ላይ ለምትወዳደር ቪሲ17ኤም፤ አሉሚኒየም ለሆነች ትሪሉክስ 33፤ በሳምንት ብዙ ጊዜ ለምትንቀሳቀስ ሲሊክ ዋን። ኮፐርኮት ከላይ እንዳልነው የሰው ጉዳይ ነው።

ጀልባዋ የቆመችባቸው መደገፊያዎች ሥር ያለው ቦታ ሳይቀባ ይቀራል፤ መደገፊያ የሚያንቀሳቅሰው ግን የማንሻው ባለሙያ ብቻ ነው፣ ቀለም ቀቢ አይደለም። ስትነሳ በማንጠልጠያው ላይ ሳለች ትንሽ እንዲጠብቁ አስቀድሞ ይነገራቸው፤ የተረፈው ቀለም ተማስሎ፣ ፕራይመሩ አስቀድሞ ታሽቶ፣ ትንሽ ሩሎ ዝግጁ ይሁን። ከዚያ ወደ ውሃ መግባት የሚቻልበት አነስተኛ ሰዓት ጣሳው ላይ አለ፣ ከፍተኛውም አለ፤ ለእነዚያ ትንንሽ ጥፍጥፎችም ያው ሰዓት ይሠራል።